እርግጫና ቡጢ የማን ንብረት ነው?

«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለች ይባላል አህያ። ይቺን ተረት ያስታወሰኝ የኛው አገር ፖለቲካ አይደለም፤ እሱን ለዛሬ ይለፈኝ። ያስታወሰኝ ከወደ ጃፓን የተሰማ የፍርድ ቤት ሙግት ነው። ስለ ምን? ስለ ጨዋታ! «ኑሮ እንዲህ አናታችን ላይ በወጣበት ሰዓት የልጆች ጨዋታ ምን ወሬ ሆኖ ነው የምትጽፈው?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። ነገሩ የልጆች ጨዋታ አይደለም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። «ፖኬትፔር» የሚባል የቶኪዮ ኩባንያ በጥር 2024 «ፓልወርልድ» የተሰኘ የቪዲዮ ጨዋታ አወጣ። (የውጭውን ዓለም ነገር ሳወራ ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. መሆኑን ልብ ይሏል።) በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቹ ዱር ለዱር እየዞረ እንስሳ መሰል ፍጡሮችን ኳስ ወርውሮ ይይዛል፣ ያሠራቸዋል፣ ይጋልባቸዋል፣ ያዋጋቸዋል። በወጣ በአንድ ወር ውስጥ የተጫዋቹ ብዛት 25 ሚሊዮን ደረሰ። ፍጡርን በኳስ መያዝ ሲባል፣ ቤቱ ልጅ ያለ ሰው ሁሉ «ይሄማ ፖኬሞን ነው!» ማለቱ አይቀርም። ኒንቴንዶም ይሄንኑ አለ። በመስከረም 2024 ከፖኬሞን ካምፓኒ ጋር ሆኖ ፖኬትፔርን ቶኪዮ ፍርድ ቤት ገተረው።

አሁን ልብ በሉልኝ። ክሱ «ሥዕሌን ሰረቀኝ» አይልም። «ፓተንቴን ጣሰ» ነው የሚለው። የተጠቀሱት ፓተንቶች ሦስት ናቸው። ፍጡርን ወርውሮ ስለ መያዝና ስለ መልቀቅ፣ በፍጡር ላይ ስለ መጋለብ የሚያወሩ ናቸው። ሦስቱም የተመዘገቡት መቼ ነው? በዚያው በ2024፣ ፓልወርልድ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ! እርግጥ የጃፓን ሕግ ከቀድሞ ማመልከቻ ላይ አዲስ ማመልከቻ ቀንሶ ማውጣትን ይፈቅዳል። የነዚህ እናት ማመልከቻ ከ2021 የሚቆጠር ነው። ስለዚህ በሕግ ዓይን ነውር የለበትም። በሰው ዓይን ግን፣ የሰውየውን ቁመት አይቶ ልብስ ማሰፋትና «ልብሴን ለብሰሃል፣ አውልቅ» ማለት ይመስላል።

የተጠየቀው ካሣስ? ለሁለቱ ከሳሾች ለየራሳቸው 5 ሚሊዮን የን። እንዲህ ለተሸጠ ጨዋታ ይህ የቡና ገንዘብ ነው። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ጨዋታው እንዲታገድ! ከዚያ ምን ሆነ? በኅዳር 2024 ፖኬትፔር ኳስ ወርውሮ ፍጡር መጥራቱን ከጨዋታው አወጣው። በግንቦት 2025 ደግሞ በፍጡር ተንጠልጥሎ መብረሩን አስቀርቶ ለተጫዋቹ መንሳፈፊያ ሰጠው። ለውጦቹን ያደረገው በክሱ ምክንያት መሆኑንም አልደበቀም። ዳኛ አልፈረደም፤ ጨዋታው ግን ተቀየረ። በቀጠሮ ብዛት ጫማውን የጨረሰ ያገሬ ሰው ይሄን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ክሱ ራሱ ቅጣት ነው።

የኔን አቋም ልናገርና ወደ ማስረጃው ልግባ። የጨዋታ ደንብ የማንም አይደለም፤ የማንም ሊሆንም አይገባም። ጨዋታው የለበሰው ልብስ ግን፣ ማለትም ሥዕሉ፣ ስሙ፣ ዜማው፣ ታሪኩ፣ የተጻፈበት ፕሮግራም፣ የሠሪው ነው። ይህን ድንበር የሚያፈርስ ሁሉ፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ወይ ሌባ ነው ወይ ቀማኛ።

ክትፎ ቤትን እንመልከት። አንድ ሰው ክትፎ ቤት ከፍቶ ገበያው ቢደራለት፣ ጎረቤቱ ክትፎ እንዳይሸጥ መከልከል ይችላል? አይችልም። ሥጋ መክተፍ፣ ቅቤ ማንጠር፣ ሚጥሚጣ መነስነስ የማንም ርስት አይደለም። ጎረቤቱ ግን ያንኑ ስም በር ላይ ከሰቀለ፣ ግድግዳውን በዚያው ቀለም ከቀባ፣ አስተናጋጆቹን ያንኑ ልብስ ካለበሰ፣ ያኔ ነገሩ ተለወጠ። ገበጣም እንደዚያው ነው። ገበጣውን የፈለፈለ ጠራቢ እንጨቱ የሱ ነው፣ ቅርጹም የሱ ነው። ጠጠሩን ከጉድጓድ ጉድጓድ የማዞሩ ደንብ ግን የማነው? የአያት የቅድመ አያት ነው፤ ነገ ደግሞ የልጅ ልጅ ነው።

«ይሄ ያንተ ፍልስፍና ነው» እንዳይባል ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ።

በ1984 «ዳታ ኢስት» የሚባል የጃፓን ኩባንያ «ካራቴ ቻምፕ» የተባለ ጨዋታ አወጣ። ሁለት ካራቲስቶች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ነጭ አንዱ ቀይ ለብሷል፤ ዳኛ አለ፤ ነጥብ ይቆጠራል። ቀጥሎ «ኤፒክስ» የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የዚህኑ ዓይነት የካራቴ ጨዋታ ለኮምፒዩተር አቀረበ። ዳታ ኢስት ከሰሰ። የሥር ፍርድ ቤቱ 15 መመሳሰሎችን ቆጥሮ ለዳታ ኢስት ፈረደለት። ኤፒክስ ይግባኝ አለ። በ1988 የአሜሪካ ዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፍርዱን ገለበጠው። ምክንያቱ አጭር ነው። ካራቴ ካራቴ ነው። እርግጫ፣ ቡጢ፣ መገላበጥ፣ ዳኛ፣ ነጥብ ከስፖርቱ ከራሱ የመጡ እንጂ ዳታ ኢስት የፈጠራቸው አይደሉም። እነሱን የከለከለ ሰው የካራቴን ጨዋታ ራሱን ከለከለ ማለት ነው።

አሁን ጨዋታው ወዲህ ነው! በ1991 «ካፕኮም» የተባለው ኩባንያ «ስትሪት ፋይተር 2»ን አወጣ። ይህን ጨዋታ በጌም ቤት ሳንቲም እያዋጣ ያልተጫወተ፣ ቢያንስ ከጓደኛው ጀርባ ቆሞ ያላየ፣ የኔ ዕድሜ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። ዓለምን ያጥለቀለቀ ጨዋታ ነበር። በ1993 ያው ዳታ ኢስት «ፋይተርስ ሂስትሪ» የሚባል የመደባደቢያ ጨዋታ ይዞ ብቅ አለ። የስትሪት ፋይተር ወንድም ይመስል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካፕኮም ከሰሰ። የትናንቱ ከሳሽ የዛሬ ተከሳሽ ሆነ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ማለት ይሄ ነው።

ቁናው ግን ፍትሐዊ ነበር። በመጋቢት 1994 የካሊፎርኒያው ዳኛ ዊሊያም ኦሪክ የካፕኮምን የእግድ ጥያቄ ውድቅ አደረጉት። ከተደባዳቢዎቹ ሦስቱ፣ ከልዩ ምቶቹ አምስቱ ይመሳሰላሉ፤ የቀረው የመደባደቢያ ጨዋታ ሁሉ የጋራ ነው የሚል ነበር ፍርዱ። በ1988 ዳታ ኢስት የተሸነፈበት መርሕ በ1994 ዳታ ኢስትን አዳነው!

ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገርም አለ። ዳታ ኢስት በ1988 ቢያሸንፍ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሁለት ሰው ፊት ለፊት አቁሞ በእርግጫና በቡጢ ማጋጠም የዳታ ኢስት ርስት ይሆን ነበር። ያኔ ስትሪት ፋይተር 2 በየት በኩል ያልፍ ነበር? ካፕኮም ያንን የሚያህል ሀብት ያፈራው አጥር ባልታጠረበት ሜዳ ላይ ነው። ከበለጸገ በኋላ ነው «አጥር ይታጠርልኝ» ያለው። አይ የሰው ነገር!

ኒንቴንዶስ ከዚህ ነፃ ነው? በ1978 «ታይቶ» የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን ሲያወጣ አገር ምድሩ አበደ። በዓመቱ፣ በ1979፣ ኒንቴንዶ «ስፔስ ፊቨር» የሚባል ጨዋታ አወጣ። ከላይ ተሰልፈው የሚወርዱ ጠላቶች፣ ከታች ግራና ቀኝ እየሄደ የሚተኩስ ተጫዋች! ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ የለም። ፖኬሞንም ቢሆን የተወለደው በ1996 ነው። አውሬን አሸንፎ ከራስ ጎን ማሰለፍ በ«ድራጎን ክዌስት 5» ውስጥ በ1992 ነበረ፤ አጋንንትን አግባብቶ ከጎን ማሰለፍ ደግሞ በ«ሜጋሚ ቴንሴ» ውስጥ በ1987። ይህን የምለው ፖኬሞንን ለማንኳሰስ አይደለም። ፖኬሞን ድንቅ ሥራ ነው። ድንቅ የሆነው ግን ከሌሎች ማሳ እሸት ቀጥፎ፣ የራሱን ዘር ጨምሮ፣ ሌላ አዝመራ ስላበቀለ ነው። ለሱ የተፈቀደው ለሌላው ለምን ይከለከላል?

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ሸፍኜ ላልፈው አልፈልግም። «እሺ፣ ደንቡ የማንም ካልሆነ ትንሹን ሠሪ ማን ይጠብቀዋል?» የሚል ነው።

ጥያቄው እውነት አለው። በ2014 «ትሪስ» የሚባል የቁጥር ጨዋታ ወጣ። ሠሪዎቹ 14 ወር ለፍተውበታል። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ሁሉ በሌላ ጨዋታ ተሞላ፦ «2048»። ይህንን የ19 ዓመት ጣሊያናዊ ወጣት በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሠርቶ በነፃ የለቀቀው ነው። ዓለም የሚያውቀው ማንን ነው? ሁለተኛውን። የ14 ወሩ ልፋት በሁለት ቀን ሥራ ተዋጠ። ያማል። እኔ ጽሑፍ እየሸጥኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ጽሑፌ ያለ ስሜ ሌላ ቦታ ታትሞ ያየሁበት ቀን አለና ሕመሙ ይገባኛል። ነገር ግን እዚያም ላይ ቢሆን ድንበሩን አውቀዋለሁ። ዜናው የኔ አይደለም። እኔ የጻፍኩትን አደጋ፣ እኔ የጻፍኩትን የዳቦ ወረፋ ማንም ሄዶ አይቶ መጻፍ ይችላል። ዐረፍተ ነገሩ ግን የኔ ነው። ዜናውም የኔ ይሁን ብል ጋዜጣ የሚባል ነገር አይኖርም።

ደግሞስ ሕጉ ትንሹን ሜዳ ላይ ጥሎት ነው ያለው ማን ነው? በ2012 የተፈረዱትንና የተቋጩትን ሁለት ጉዳዮች እንይ።

አንደኛው ቴትሪስ ነው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ላይ የፈጠረው ጨዋታ። «ዚዮ» የሚባል ትንሽ ድርጅት «ሚኖ» ብሎ የስልክ ቴትሪስ ሠራ። የድርጅቱ ባለቤት ሕጉን አጥንተው «ደንቡ ነፃ ነው፤ የወሰድኩት ደንቡን ብቻ ነው» ብለው ተከራከሩ። የኒው ጀርሲዋ ዳኛ ፍሬዳ ዎልፍሰን ግን፣ ደንቡ ነፃ መሆኑ እውነት ነው፤ እናንተ የወሰዳችሁት ግን የጡቦቹን ቅርጽ፣ የሜዳውን ስፋት፣ ጡቡ የሚያርፍበትን ጥላ ሳይቀር ነው ብለው ፈረዱባቸው። አጥንቱን ውሰድ ሲባሉ ቆዳውንም ገፈፉ ማለት ነው።

ሁለተኛው የ«ትሪፕል ታውን» ነው። «ስፕራይ ፎክስ» የሚባል ትንሽ ድርጅት የሠራው፣ ሦስት ሣር ገጥሞ ቁጥቋጦ፣ ሦስት ቁጥቋጦ ገጥሞ ዛፍ እያደረጉ ከተማ የሚቆረቁሩበት ጨዋታ ነው። ድቦች እያደናቀፉ ይመጣሉ። «ሲክስ ዌቭስ ሎልአፕስ» የሚባል ከሱ የሚበልጥ ኩባንያ «ላሳትምልህ» ብሎ በምስጢር ውል ገብቶ ጨዋታውን አየው። ከዚያ ድርድሩን አቋርጦ «የቲ ታውን» ብሎ የራሱን አወጣ። ድቦቹ የበረዶ ሰው ሆኑ፤ ሌላው ያው ነው! ስፕራይ ፎክስ ከሰሰ፤ ዳኛው «ክሱ ይቀጥል» አሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ነገሩ በስምምነት አለቀና የቲ ታውን የስፕራይ ፎክስ ንብረት ሆነ። እሰየው! እንግዲህ ትንሹን ያዳነው የቅጂ መብትና የተፈረመ ውል ነው እንጂ በጨዋታ ደንብ ላይ የተጻፈ ፓተንት አይደለም።

በቅጂ መብትና በፓተንት መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። በቅጂ መብት የሚከሰስ ሰው «ያንተን ሳላይ ራሴ ነው ያሰብኩት» ብሎ ካስረዳ ነፃ ይወጣል። በፓተንት ግን ይህ መልስ አይሠራም። ሳታይ ብታስበውም ጥሰሃል። ለ20 ዓመት ያህል በሩ ተዘጋ። ትልልቆቹ በቅጂ መብት መንገድ ሄደው በ1988ም በ1994ም ሲሸነፉ ጊዜ አገኙት የተባለው ሌላው በር ይሄ ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ብዙ ሰው ሳያስተውል እየገባ ያለ ነገር ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ትልቁ ጨዋታ እስኪጫን ድረስ ተጫዋቹ እንዳይሰለቸው ትንሽ ጨዋታ ማሳየት። በቃ ይቺው! ይቺን ናምኮ ፓተንት አውጥቶባት እስከ 2015 ድረስ ታስራ ኖረች። ያንን አሞሌ መስመር በሰሌዳው ላይ እያየን ስንት ሰዓት እንደ ጅል እንደተቀመጥን አስቡት። ሌላም አለ። በ2014 በወጣው «ሻዶው ኦፍ ሞርዶር» ጨዋታ ውስጥ ጠላት ያሸነፈህን ጊዜ ያስታውሳል፣ ተሹሞ ይመጣል፣ ቂም ይይዛል። አስደናቂ ሐሳብ ነበር። የፓተንቱ ባለቤት ዋርነር ብራዘርስ ነው፤ በ2021 ተፈቀደለት፤ ዘመኑ እስከ 2036 ነው። በየካቲት 2025 ዋርነር ጨዋታውን የሠራውን «ሞኖሊት» የተባለ የራሱን ስቱዲዮ ዘጋው። ሐሳቡን ያፈለቁት ሰዎች ተበተኑ፤ ቁልፉ ግን ካዝና ውስጥ ቀረ። ይህ ነው እንግዲህ «የፈጣሪን መብት ማክበር» የሚባለው?

ደግነቱ፣ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ አልተቀመጠም። በመስከረም 2025 ኒንቴንዶ ረዳት ፍጡር ጠርቶ ስለ ማዋጋት በአሜሪካ ፓተንት ተሰጠው። ጩኸቱ ሲበረታ፣ በዚያው ዓመት መገባደጃ የፓተንት መሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር ጆን ስኳየርስ ራሳቸው እንደገና እንዲመረመር አዘዙ። ከጠቀሷቸው ሁለት የቀድሞ ሰነዶች አንዱ የኮናሚ፣ ሌላው ደግሞ... የራሱ የኒንቴንዶ ነው! የጃፓኑም መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2025 ከፓልወርልዱ ክስ ፓተንቶች ጋር የሚዛመድ አንድ የኒንቴንዶ ማመልከቻ፣ ከቀደሙት ጨዋታዎች የተለየ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ መልሶታል። ጥሩ ነው። ግን ፓተንት ከተሰጠ በኋላ መመርመር ከብቱ ከወጣ በኋላ በረት መዝጋት ነው። እስከዚያው ትንሹ ይፈራል፤ የፈራ ደግሞ አይፈጥርም።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ እኛን ምን አገባን?» ለሚል አንባቢ መልስ አለኝ። ያገባናል።

«ቅኔ ጌምስ» የሚባል ያገራችን ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ አውጥቷል። ዶሮ ከአሳዳጇ ሸሽታ የምትሮጥበት ጨዋታ ነው። ሳያቆሙ መሮጥ፣ መሰናክል መዝለል በዓለም የታወቀ የጨዋታ ዓይነት ነው። «ቴምፕል ራን» በ2011፣ «ሰብዌይ ሰርፈርስ» በ2012 ወጥተዋል። ከነዚህ አንዱ «መሮጥና መዝለል የኔ ነው» የሚል ማኅተም አስመትቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዶሮዋ ከአሳዳጇ ብታመልጥ ከጠበቃ አታመልጥም ነበር። ሩጫው የማንም ነው። ዶሮዋ ግን የኛ ናት፤ ስሟም የኛ ነው። ድንበሩ እንዲህ ነው መቆም ያለበት።

ከዚህም በላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሕጎቻችን በዚህ ጉዳይ ከብዙዎቹ የተሻሉ ሆነው ነው የተጻፉት። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123፣ በአንቀጽ 4 ፓተንት የማይሰጥባቸውን ነገሮች ሲዘረዝር የጨዋታ ደንብና ዘዴን፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ጨምሮ በግልጽ አስፍሯቸዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ሐሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን ከጥበቃው ውጭ አድርጎ፣ የተጻፈውን ፕሮግራም ግን እንደ ጽሑፍ ሥራ ይጠብቃል። አጥንቱ ለሁሉ፣ ቆዳው ለባለቤቱ! የሕግ ምሁር አይደለሁም፤ ዲፕሎማ ያለው ጋዜጠኛ ነኝ። ይህን ለማንበብ ግን ማንበብ መቻል ይበቃል።

የምፈራው ምንድን ነው? እኛ አገር ሕግ የሚሻሻልበትን መንገድ ስለማውቅ ነው የምፈራው። ረቂቁን ሕዝቡ ሳያየው፣ የሚነካቸው ሰዎች ሳይጠየቁ፣ እጅ ይወጣና ያልፋል። «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ» የሚል ሐረግ ከተጻፈበት ደግሞ የሚጠይቅ አይኖርም። አንድ ቀን ይህን አንቀጽ «ዘመናዊ እናድርገው» የሚል ባለሙያ ቢመጣ፣ አሜሪካና ጃፓን የደረሰውን አይቶ መልስ የሚሰጥ ሰው ካሁኑ መኖር አለበት። በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ኮምፒዩተር ይዘው ጨዋታ የሚሠሩ ወጣቶች፣ የሕግ ትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ የአእምሯዊ ንብረት ጉዳይ ይመለከተናል የምትሉ ሁሉ፣ አንቀጹን ዛሬውኑ አውጥታችሁ አንብቡት።

በተረፈ ለወጣቶቹ ሠሪዎች የምለው ይህን ነው። የወደዳችሁትን ጨዋታ አጥንት ሳትሳቀቁ ውሰዱ፤ ታላላቆቹም ያደረጉት ይሄንኑ ነው። ሥዕሉን፣ ስሙን፣ ዜማውን ግን አትንኩ፤ ከራሳችሁ ቤት አምጡ። ሥራችሁን ለማንም ከማሳየታችሁ በፊት ውል አስፈርሙ። ለሕግ አውጪዎቹ ደግሞ የምለው ከዚህ ያጠረ ነው። ያቺን አንቀጽ አትንኩብን!